ግራና ቀኝ በዕንቁላል ውስጥ

የቋንቋችንን ጓዳ ገብቶ የፈተሸ ሰው ቀኝንና ግራን በእኩል ክብር ተቀምጠው አያገኛቸውም። ሰው ማለዳ ከደጁ ሲወጣ «ቀኝ አውለኝ» ብሎ አምላኩን ይለምናል፤ ነገር ሲወሳሰብበት ግን «ግራ ገባኝ» ይላል። በድሮው የማዕርግ ሥርዓት ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጥ ነበር። ከአንድ ገበታ በግራ እጁ የሚጐርስ ሰው ይነወራል፤ በዚህ ነገር የወሎ ክርስቲያንና የወሎ ሙስሊም ፍጹም አንድ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋ ግራን ፈጽሞ አልጣለውም። ዳኛ «ግራ ቀኙን» ሳይሰማ አይፈርድም። ባልና ሚስት ሲፈቃቀሩ «የግራ ጐኔ» ይባባላሉ። ማሕሌት በሚቆምበት ጊዜም መዘምራኑ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንደኛውን ወገን ቀኝ ጌታው፤ ሁለተኛውን ግራ ጌታው ይመራዋል፤ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል፤ ግራው ዝም ቢል ዜማው ሜዳ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ግራ የሆነ ነገር በግራነቱ ብቻ ጥፋት አለበትን? ጥያቄው የጨዋታ አይምሰልህ። በማስተምርበት ዘመን ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሮ ወደ ክፍል የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ ያሰሩትም ጠላቶቹ ሳይሆኑ አብዝተው የሚወዱት ወላጆቹ ነበሩ። በግራ እጁ እርሳስ ስላነሣ ጣቱን በማስመሪያ የሚመታ ልጅም አይቻለሁ። የሚመታ ሕፃን ደግሞ አጥፍቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

ነገሩን ለመመርመር ከሰው ብንጀምር ሁላችንም ወገን ስላለን እንጣላለን፤ ስለዚህ ማንም ዘመዴ ነው ከማይለው ከእንሽላሊት እንጀምር።

ፀሐይ ሞቅ ሲል በአምባሰል የድንጋይ ካብ ላይና በሐይቅ ዙሪያ ባሉት ቋጥኞች ላይ ተለጥፎ የሚሞቀውን እንሽላሊት ያላየ የአገራችን ልጅ አይገኝም። እረኞች ዒላማ መለማመጃ አድርገውታል። ነገር ግን ከእንሽላሊት ዓይነቶች ብዙዎቹ በአናታቸው ላይ፤ ከሁለቱ ዓይኖቻቸው ትንሽ ወደ ኋላ፤ ሦስተኛ ዓይን አላቸው። ከስስ ቅርፊት በታች የተቀመጠች፤ ከምስር ፍሬ የምታንስ ዓይን ናት። መልክ ለይታ አታይም፤ ብርሃንንና ጨለማን ግን ትለያለች፤ እንስሳውም ምን ያህል ፀሐይ መሞቅ እንደሚገባው ታስታውቀዋለች። እንግዲህ ይህች ዓይን ከአናቱ መካከል ላይ ስላለች፤ ከርስዋ የሚነሣው ነርቭ ለአንጎሉ ቀኝና ግራ እኩል ይካፈላል ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ሐቤኑላ የሚባል፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ የተቀመጠ ጥንድ ክፍል አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፤ ከሦስተኛዋ ዓይን የሚመጣው ነርቭ ወደ ግራው ሐቤኑላ ይሄዳል፤ ወደ ቀኙ አይሄድም። የእንሽላሊቱ ግራና ቀኝ በውጭ ሲታዩ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ እኩል ናቸው፤ በውስጥ ግን ሥራ ተከፋፍለዋል።

ይህን ሥራ ማን ከፈለው? መቼስ ተከፈለ? እዚህ ላይ ነገሩ ከእንስሳት ትምህርት አልፎ ወደ ፍልስፍና ይገባል።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት በ1768 እ.ኤ.አ. በጻፈው አንድ አጭር ጽሑፍ ስለ እጅ ያነሣው ሐሳብ አለ። ቀኝ እጅና ግራ እጅ በጣቶቻቸው ቁጥር፤ በርዝመታቸው፤ በመገጣጠሚያዎቻቸው መካከል ባለው ርቀት አንድ ናቸው፤ አንዱን ለክተህ የጻፍኸው ቁጥር ለሌላውም ይሠራል። ይሁን እንጂ የቀኙ ጓንት በግራው አይገባም። እግዚአብሔር ከሁሉ አስቀድሞ የፈጠረው አንዲት የሰው እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ ያች እጅ ወይ ቀኝ ወይ ግራ መሆንዋ ግድ ነበር፤ ነገር ግን ከምን አንጻር ቀኝ ትባላለች? ካንት በዚህ ጥያቄ ብዙ ደክሞበታል።

ጽንስም በዕንቁላል ውስጥ ሳለ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ጽንሱ ስስ ቂጣ መስሎ የተዘረጋ፤ በመካከሉ እንደ መሥመር ያለ ምልክት የተሰመረበት ነገር ነው። ራሱ በየት በኩል፤ ጅራቱ በየት በኩል እንደሚሆን ይለያል፤ ጀርባውና ሆዱም ይለያሉ። ግራውን ከቀኙ የሚለይለት ግን በውጭ ምንም የለም። የምድር ስበት ላይና ታችን እንጂ ግራና ቀኝን አይናገርም፤ ፀሐይም አትናገርም። ስለዚህ ጽንሱ ከያዛቸው ከሁለቱ አቅጣጫዎች ሦስተኛውን ራሱ ማውጣት አለበት።

እንዴት እንደሚያወጣው አስቀድሞ የታወቀው በአይጥ ነው። የጃፓን ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፤ በአይጥ ጽንስ ሥር ጐድጐድ ያለች ትንሽ ቦታ አለች፤ በርስዋም ላይ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ጭራዎች ይሽከረከራሉ። ጭራዎቹ ወደ ጅራት በኩል ያዘነበሉ ስለ ሆኑ መሽከርከራቸው በዚያ ያለውን ፈሳሽ ወደ ግራ ይነዳዋል። ፈሳሹ ወደ ግራ ከሄደ በኋላ ኖዳል የሚባለው ጂን በግራ በኩል ብቻ ይነቃል፤ «እዚህ ግራ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ጭራዎቹስ ለምን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ ቢባል፤ የተሠሩባቸው ረቂቅ ቅንጣቶች ራሳቸው እንደ ጥምዝ ደረጃ ወደ አንድ ወገን የተጠመዘዙ ስለ ሆኑ ነው። ግራና ቀኝ በሰውነት ላይ ከመታየታቸው በፊት በቅንጣት ውስጥ አሉ ማለት ነው።

የሚሳቡት እንስሳት ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ የማዳጋስካርን ጌኮ፤ ይኸውም አንድ የእንሽላሊት ወገን፤ ቅርፊቱ ለስላሳ ከሆነው የቻይና ኤሊ ጋር መርምሮ በጽንሳቸው ላይ የሚሽከረከሩትን ጭራዎች አላገኘም። ፈሳሽ የሚነዳ የለም፤ ነገር ግን ኖዳል ገና በመነሻው ቦታ ላይ በግራና በቀኝ እኩል ሳይሆን ይገኛል። በዶሮ ጽንስም እንዲሁ ጭራ አያስፈልግም፤ እዚያ ቦታውን የሚያዛባው የሴሎቹ የራሳቸው ወደ ግራ መንቀሳቀስ ነው። እንግዲህ አይጥ በአንድ በር፤ እንሽላሊትና ዶሮ በሌላ በር ገብተው ልባቸውን ከግራ ያኖራሉ።

ስለ አንጎል ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከአንዲት ትንሽ ዓሣ የተገኘ ነገር ነው፤ ዓሣዪቱ ባለ ዝንጕርጕር መሥመር ስለ ሆነች በሜዳ አህያ ስም ትጠራለች። እርስዋም እንደ እንሽላሊቱ የሁለቱ ሐቤኑላዎችዋ መጠን እኩል አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው የኖዳል ትእዛዝ ወደ አንጎልዋ የማይደርስባቸውን ጽንሶች አዩ። በነዚያ ጽንሶች አንጎሉ እኩል ሆኖ ይቀራል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው። አልቀረም። አንዱ ወገን ከሌላው እንደ ተለየ ነው፤ ነገር ግን በግማሾቹ ግራው፤ በግማሾቹ ቀኙ የበኵሩን ቦታ ያዘ። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ጥያቄዎች እንደ ነበሩ ነው፤ አንደኛው «ሁለቱ ወገኖች ይለያዩ ወይስ እኩል ይሁኑ?» የሚል፤ ሁለተኛው «ከተለያዩስ የትኛው በየት ይሁን?» የሚል። አካል ለመጀመሪያው ጥያቄ አጥብቆ «ይለያዩ» ብሎ ይመልሳል። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን እንደ ዕጣ ሊገለበጥ ይችላል። እኛ ሰዎች ግን የምንጣላውና የምንገራረፈው በሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ መንደራችን ዶሮ እንምጣ፤ ወፎች ለአዞ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆኑ ከሚሳቡት እንስሳት ብዙ አልራቅንም። ጫጩት በ21 ቀን ይፈለፈላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንገቱን አጥፎ ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ ግራ ዓይኑ በገዛ ገላው ይሸፈናል፤ ቀኝ ዓይኑ ወደ ቅርፊቱ ይዞራል። እናቲቱ ጥሬ ልትለቅም ከታቀፈችው በተነሣች ቁጥር ብርሃን በቅርፊቱ አልፎ ቀኙን ዓይን ይነካዋል፤ ግራው በጨለማ ይቀራል። ሌስሊ ሮጀርስ የተባሉት የአውስትራልያ ሊቅ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕንቁላል በብርሃንና በጨለማ እያስቀመጡ ልዩነቱን አሳዩ። ብርሃን ያገኘው ጫጩት በቀኝ ዓይኑ ጥሬን ከጠጠር ይለያል፤ በግራ ዓይኑ ደግሞ ጭልፊት እንዳይመጣ ይጠብቃል። በጨለማ የኖረው ይህን ክፍያ በሚገባ አይዝም። እኚሁ ሊቅ ከጣልያን ባልንጀሮቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፤ እየለቀመ የጭልፊት ጥላ እንዲጠብቅ ሲፈተን፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ የተሻለ የሠራው ብርሃን ያገኘው ነው። ጨለማ ያደገው ሁለቱንም ያምታታ ነበር። ከዚህም በላይ ሰው ጣልቃ ገብቶ ቀኙን ሸፍኖ ግራውን ዓይን ለብርሃን ቢገልጠው ክፍያው ይገለበጣል።

እንሽላሊትም በብርሃን ይሁን በሌላ ምክንያት እንዲሁ ተከፋፍሏል። በአውሮፓ ካብ ላይ የሚኖረው እንሽላሊት የሚያድነውን ትል በቀኝ ዓይኑ፤ የሚፈራውን ጠላት በግራ ዓይኑ መመልከት እንደሚወድ የጣልያን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አኖሊስ የሚባለው የአሜሪካ እንሽላሊት ደግሞ ባላጋራውን በግራ ዓይኑ ሲያይ ከቀኙ ይልቅ ይቆጣል።

ዕንቁላል እንደምናስበው የተዘጋ ቤት አይደለም። የጫሞ ሐይቅ አዞ ዕንቁላልዋን በአሸዋ ውስጥ ስትቀብር ከውስጡ የሚወጣው ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንደ አሸዋው ሙቀት ነው። የጫጩቱም ነገር እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ አንገቱን ማጠፉ የውርስ ነው፤ ብርሃኑ ግን የአጋጣሚ ነው፤ ዶሮዪቱ ከቤቱ ጨለማ ጓዳ ወይም ከበረንዳው ላይ በመታቀፍዋ ይለወጣል። ከውርሱም ከአጋጣሚውም አንዱን እንኳ ጫጩቱ አልመረጠም።

ወደ ሰው ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው ትንሽ የሚያስቅ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በ1865 እ.ኤ.አ. እንደ አስታወቀ፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግር ኀይል በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ እጅም የሚታዘዘው ለግራው አንጎል ነው። ስለዚህ የምንባርክበት፤ የምንምልበት፤ የምንጐርስበት የተከበረው ቀኝ እጅ ጌታው በግራ በኩል ተቀምጧል። ልብም ያው ከግራ ነው። ከ10,000 ሰው በአንዱ ያህል ግን ልቡ ከቀኝ፤ ጉበቱም ከግራ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙዎቹም ሐኪም እስኪነግራቸው ድረስ ሳያውቁት በጤና ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ውስጣቸው ሁሉ ተገልብጦ ሳለ ግራኞች በመካከላቸው ከሌላው ሕዝብ አለመብዛታቸው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ልብን ወደ ግራ የሚወስደው ትእዛዝና እጅን ወደ ቀኝ የሚያደላው ትእዛዝ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ከዐሥር ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ነው። ይህም የሚጀምረው ከትምህርት ቤት አይደለም። በቤልፋስት ከተማ የተደረገ ምርመራ በማሕፀን ውስጥ ሳሉ አውራ ጣታቸውን ሲጠቡ የታዩ ጽንሶችን ካደጉ በኋላ ተከታተለ፤ ውጤቱም በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ይጠቡ የነበሩት 60ው ሁሉ ቀኝ እጃቸውን የሚመርጡ ሆኑ። ግራውን ይጠቡ ከነበሩት 15 ግን 10ሩ ግራኝ፤ 5ቱ ቀኝ ሆኑ። የቀሩትን 5 ልጆች ልብ በልልኝ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እንግዲህ እናት ገና ሳትወልደው ጣቱን የመረጠውን ሕፃን በሰባት ዓመቱ ስለዚያ ምርጫ መምታት፤ ከበደል ሁሉ በፊት በተሠራ ነገር መቅጣት ነው። ቅጣት የሚገባው ሰው አውቆና ወዶ ሌላውን ለጐዳበት ሥራ ነው። የሕፃኑ እጅ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አላሟላም።

ስም እንኳ ሳይቀር በዚህ ረገድ ያሳስታል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን እኛ የምናውቃቸው «ግራኝ» በሚለው ቅጽል ነው፤ ሶማሌዎችም በቋንቋቸው «ጉሬይ» ሲሉ ይኸንኑ ማለታቸው ነው። በ1531 እ.ኤ.አ. ሠራዊታቸው ሐይቅ ደርሶ የእስጢፋኖስን ገዳም ሀብት ወስዷል። ስለዚያ ጦርነት ክርስቲያኑ አንድ፤ ሙስሊሙ ሌላ ሊናገር ይችላል፤ የታሪክ ሰዎችም ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጦርነት፤ ያ ሁሉ መድፍና ፈረስ አልፎ በሕዝቡ አፍ የቀረው የሰውዬው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃን ማስፈራሪያ የሆነው ቃል ምንም መንደር ያላቃጠሉትን ግራኞች ሁሉ ነካቸው። በአንጻሩ መጽሐፈ መሳፍንትን ብንገልጥ ናዖድ የተባለው ግራኝ ሰይፉን ማንም በማይጠረጥርበት በቀኝ ጭኑ ታጥቆ ሕዝቡን ነፃ ሲያወጣ እናገኘዋለን፤ እዚያው መጽሐፍ ላይ ጠጠር ወንጭፈው የማይስቱ 700 ግራኞች ተጽፈዋል። አንድ እጅ ነው፤ አንዱ ሕዝብ ይረግመዋል፤ ሌላው ያመሰግነዋል።

እዚህ ላይ ብልኅ ወጣት የሚያነሣው መከራከሪያ አለ። «እንግዲያውስ የግራኙ እጅ በተፈጥሮ ስለ ሆነ የማይነቀፍ ከሆነ፤ የእኔም ቁጣ በተፈጥሮ ነው፤ አኖሊስ እንኳ በግራ ዓይኑ ሲያይ ይቆጣል፤ ስለዚህ ማንም አይውቀሰኝ» ሊል ይችላል። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ብዙ ሰው በዚህ ተጠልሎ ይኖራልና። ነገር ግን ማድላት አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ አምስት ልጆች ግራ ጣታቸውን እየጠቡ ጀምረው ቀኝ ሆነው ያደጉ መሆናቸው ማድላት የታተመ ፍርድ እንዳልሆነ ያሳያል። ከዚህም በቀር እንሽላሊቱ በየትኛው ዓይኑ እያየ እንደ ተቆጣ ራሱን ሊጠይቅ አይችልም፤ ዓይኑ ሲቆጣ እርሱም ይቆጣል፤ በመካከል ክፍተት የለም። ይህን ክርክር የሚያነሣው ወጣት ግን በማንሣቱ ብቻ ክፍተቱን ከፍቷል፤ ቁጣውን ከሩቅ አይቶ «ከወዴት መጣ?» ማለት ችሏል። ይህን ያለ ሰው ቀጥሎ ጐረቤቱን ቢደበድብ ዕንቁላሉን ምስክር አድርጎ ሊጠራ አይችልም። ግራኙ ግን በግራ እጁ ሲጽፍ የተደበደበ ጐረቤት የለም።

«ታዲያ የአባቶቻችን የቀኝ እጅ ሥርዓት ከንቱ ነውን?» ለሚለኝ ደግሞ፤ አይደለም እለዋለሁ። በአገራችን መኪና በመንገዱ ግራ በኩል ይሄድ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ ቀኝ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ በግራ የነዱትን ኃጢአተኞች ያላቸው አልነበረም፤ ከአዋጁ በኋላ በግራ የነዳ ግን ሰው ሊገድል ይችል ነበር። አብሮ መኖር አንድ ወገን መምረጥን ይጠይቃል፤ የተመረጠው ወገን ግን በመመረጡ ቅዱስ፤ ያልተመረጠው ርኩስ አይሆንም። የአንጎልን ነገር ከሚያጠኑት ሊቃውንት አንዳንዶቹ እንስሳት በብዛት ወደ አንድ ወገን የሚያደሉት አብረው ስለሚኖሩ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጥቂቶቹ ሌላውን ወገን ይዘው መቅረታቸውም፤ ናዖድ እንደ ጠቀመው፤ ያልተጠበቁ ስለ ሆኑ ይጠቅማቸዋል ይላሉ። በጋራ ገበታ ላይ ቀኝ እጅን መጠቀም የእንግድነት ጨዋነት ነውና ግራኙም ሊማረው ይችላል፤ አይከብደውም። እርሳስ፤ ማጭድና መርፌ ግን የጋራ ገበታ አይደሉም፤ የሠራተኛው የብቻው ናቸው።

በኛ በወሎ ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ሊገባን ይገባ ነበር። የቄስ ተማሪው ፊደሉን ከግራ ወደ ቀኝ ይቈጥራል፤ የቁርአን ተማሪው ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራል። የወሎ መሻይኾች መንዙማቸውን በዐጀም ሲጽፉት ያው አንዱ አማርኛ በዐረብ ፊደል ከቀኝ ይነሣል፤ ደብተራው ሲጽፈው ከግራ ይነሣል። በግዕዝ ፊደል ግራኝ የሆነ ልጅ እጁ በጻፈው ላይ እያለፈ ቀለሙን ያበላሸዋል፤ በዐረብ ፊደል ግን የሚቸገረው ቀኙ ነው። ችግሩ ከእጁ ሳይሆን ከመሥመሩ አነሣሥ መሆኑን ለማየት ሁለቱን ሰሌዳ ጐን ለጐን ማስቀመጥ ይበቃል።

አስተማሪ ለመሆን ለሚያስቡት ከልምድ የማውቀውን ትንሽ ነገር ልጨምር። ሦስት ልጆች በአንድ አግዳሚ ሲቀመጡ ግራኙን በመካከል አታስቀምጡት፤ ክርኑ ከጐረቤቱ ክርን ጋር እየተጋጨ የሁለቱም ጽሕፈት ይበላሻል፤ ጠብም ይነሣል። በግራው ጫፍ አስቀምጡት። ደብተሩንም ሌሎቹ ከሚያዘነብሉት በተቃራኒ፤ የላይኛው ጠርዝ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አድርጉለት፤ ያን ጊዜ እጁ ከመሥመሩ በታች ይሆናል፤ ቀለሙም ሳይነካ ይደርቃል።